የዳሽቦርድ ፍታት ከነአንድምታው

«ፍታት» በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሞተ ሰው የሚደረስ ጸሎት ነው። በጋራዥ ደግሞ «ፈታው» ሲባል ብሎኑን አወጣ፣ ዕቃውን በታተነ ማለት ነው። ሁለቱ በግሥ ከመዛመድ አልፈው የሚገናኙ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን የቪትሴን ዳሽቦርድ በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ስፈታ ዝምድናቸው ተገለጠልኝ። በሁለቱም ጎረቤት ወንበር ይዞ ይመጣል። በሁለቱም ከንፈር ይመጠጣል። በሁለቱም ሟች በሕይወት ሳለ ምንም እንዳልነበረው በሰፊው ይወራል።

ይህ ጥናት የዚያ እሑድ ፍሬ ነው። በሰባት ምዕራፍ ተከፍሏል።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ ስሙ

ዳሽቦርድ መጀመሪያ የመኪና ዕቃ አልነበረም። በፈረንጅ አገር በፈረስ ጋሪ ፊት የሚቆም ሳንቃ ነበር፤ ሥራውም ከፈረሱ ኮቴ የሚረጨው ጭቃ የባለ ጋሪውን ልብስ እንዳያበላሽ መመከት ነው። ፈረሱ በሞተር ሲተካ ጭቃ ረጪው ሄደ፣ መካቹ ቀረ። ሥራ የፈታ ሳንቃ ብዙ አይቆይምና የፍጥነት መቁጠሪያ፣ የነዳጅ መለኪያ፣ ሬዲዮና ኤርባግ እየተሸከመ ዛሬ ካለበት ማዕረግ ደረሰ።

በአገራችን የመኪና ታሪክ የሚጀምረው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ነው። መንገድ በሌለበት አገር ከባሕር ጠረፍ ተነሥታ የመጣች መኪና ሲጥ ማለቷ አይቀርም። ያኔ ግን የሰው ሁሉ ሐሳብ በደህና መግባቷ ላይ ነበር። ሰው ሲጥታን መስማት የሚጀምረው መንገድ ሲስተካከልለት ነው።

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ መሣሪያው

ካቻቢቴ፣ ቡሶላ፣ ፒንሳ፣ ባለ 10 ቁልፍ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስማቸውን ያገኙት ከጣልያንኛ ነው። ጣልያንን አምስት ዓመት ታግለን በ1933 ዓ.ም. አስወጣነው፤ ካቻቢቴውን ግን አስቀረንበት። ምዕራፉ እዚህ ያበቃል።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ ሲጥታ

ሰው በጤናው ዳሽቦርድ አይፈታም። ባለሙያዎች የሚፈቱት ከበስተጀርባው ያለው የማሞቂያ ራዲያተር ውኃ አንጠባጥቦ ምንጣፉን ሲያርስ፣ ወይም የኤሲው ጋዝ ከውስጥ ሲያፈስ፣ ወይም አይጥ ሽቦ ስትበላ ነው። የእኔ ምክንያት ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። የእኔ ምክንያት ሲጥ ነው።

የዳሽቦርድ ድምፅ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው «ኳ» ነው። ኳ ከዳሽቦርድ የመጣ ይመስላል እንጂ ከታች ነው፤ የእግር ሠሪ ጉዳይ ስለሆነ እናልፈዋለን። ሁለተኛው «ጥርርር» ነው። የላላ ነገር ሞተር ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ሲሆን ሐቀኛ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት «እዚህ ነኝ» ይላል። ከዚህ በላይ የሚባልለት የለም። ሦስተኛው «ሲጥ» ነው።

ሲጥ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ሲፋተግ የሚወለድ ሲሆን አምስት ወገን አለው።

ሀ. ቀዝቃዛ ሲጥ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል፣ የቀትር ፀሐይዋ ይለበልባል። ፕላስቲክ ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲሞቀው ይለጠጣል። ስለዚህ ጠዋት መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይፈጠርና ሲጥ ይላል፤ ቀትር ላይ ዳሽቦርዱ አብጦ ክፍተቱን ይዘጋውና ጸጥ ይላል። እኔ ከሥራ ወጥቼ ጋራዥ መድረስ የምችለው ቀትር ላይ ነው።

ለ. የኮብልስቶን ሲጥ። ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ባለው ድንጋይ ላይ ብቻ ይሰማል። አስፋልት ላይ ሲወጡ ይጠፋል፤ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ሲባል ግን ሰው እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ጆሮውን አቁሞ ይነዳል።

ሐ. አፋር ሲጥ። መካኒክ መኪናው ውስጥ ሲገባ ዝም የሚል ነው። «የታለ?» ይላል መካኒኩ። «አሁን ነበረ» ይላሉ እርስዎ። ሌላ አንድ ዙር ይዞራል። ዝም። መካኒኩ ሳይናገር ወርዶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እሱ ከወረደ በኋላ በሩ እንደተዘጋ የሚሰማውን መናገር አያስፈልግም።

መ. የአውራ ጣት ሲጥ። በሬዲዮውና በነፋስ ማውጫው መካከል ባለች አንዲት ነጥብ ላይ በጣት ሲጫኗት ድምፁ ይቆማል፣ ሲለቋት ይቀጥላል። ይህ ግኝት መጀመሪያ የሚያስደስት ነው። እኔ ለስምንት ወር ያህል በግራ እጄ መሪ፣ በቀኝ አውራ ጣቴ ያቺን ነጥብ ይዤ ነድቻለሁ። የጣቴ ጥፍር እስካሁን ከሌሎቹ ጠፍጠፍ ያለ ነው።

ሠ. ተላላፊ ሲጥ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ባለቤቴ ለስምንት ወር «የምን ድምፅ?» ስትል በሰላም ኖረች። ቪትስ የፍጥነት መቁጠሪያዋ መሃል ላይ ስለሆነ ባለቤቴ ፍጥነቴን ከእኔ እኩል ታነባለች፤ ስለ መኪናዋ ያላት ቅሬታም እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አንድ ቀን መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ጣቴን አነሣሁና ሬዲዮውን ዘጋሁ።

«ስሚ። ስሚማ። አሁን!»

ዝም ብላ አዳመጠች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። አንድ ሰው ያልሰማውን ሲጥ እንዲሰማ ማድረግ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች። እኔ በማልሰማበት ቀን እንኳ ትሰማለች። እናቷ አብረውን ከኋላ በተቀመጡ ዕለት «እማዬ፣ ትሰሚያለሽ?» አለቻቸው። ሰሙ። አሁን ከደሴ ስልክ ሲደውሉ «ያ ነገር ተሠራላችሁ?» ይላሉ።

ሌላ መኪና መግዛት መፍትሔ እንደማይሆን ግልጽ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና ከነድምጿ ተቀብሎ ይኖራል፤ አለዚያ ይፈታታል።

ቅዳሜ ማታ ጉባኤ ተቀመጥን። አባቶች አንድን ቃል «አንድም» እያሉ ያፍታቱታልና እኛም እንደ አቅማችን አፍታታነው።

«ሲጥ አለ።» አንድም ክሊፕ ተሰብሯል ሲል ነው፤ ይህ የእኅቴ ልጅ ትርጓሜ ነው፣ ምንጩም ዩቲዩብ ነው። አንድም ሳንቲም በነፋስ ማውጫው ገብቷል ሲል ነው፤ ይህ የዘበኛችን ነው። አንድም መኪናዋ ደክሟታል፣ ታሳዝናለች ሲል ነው፤ ይህ የባለቤቴ ነው። አንድም ዳሽቦርዱ የተሰቀለበት ብረት ላልቷልና ሁሉም ይውጣ ሲል ነው፤ ይህ የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ነው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። የጸደቀው የእሳቸው ትርጓሜ ነው።

«አይዞህ ልጄ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም» አሉኝ።

ምዕራፍ አራት፦ ስለ አፈታቱ

በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ በባለ 10 ቁልፍ ይነቀላል። ከዚያ ይጠበቃል። የቶዮታ መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ ኤርባጉ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የኤርባግ ሽቦ ቢጫ ሶኬት አለው፤ ሳይጠብቅና ሳያውቅ የሚነካካው ሰው ፍታቱ የመጀመሪያው ዓይነት ሊሆንበት ይችላል።

ብሎን በሦስት ይከፈላል፦ የሚታይ፣ የተደበቀና አለ የሚባል። የሚታየው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። የተደበቀው ከመሳቢያው ጀርባ፣ ከሬዲዮው ሥር፣ ከጎን መሸፈኛው ውስጥ ይገኛል። አለ የሚባለው የእኅቴ ልጅ በስልኩ የሚያሳየኝ ነው፤ እሱ የሚያሳየኝ ግን የሌላ ዓመት ሞዴል ነበር።

ክሊፕ ሁለት ድምፅ አለው። ሲለቅ «ጠቅ» ይላል፣ ሲሰበር «ቀጭ» ይላል። ሁለቱን የሚለይ ጆሮ የሚገኘው ከስድስተኛው ቀጭ በኋላ ነው። ምትኩ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ዕለቱ ግን እሑድ ነው።

ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል እንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ እየደረደርን ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የጋሼ የልጅ ልጅ ካርቶኑን ገለበጠችው። ስለ ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ክፍል በዚህ ምክንያት ከጥናቱ ወጥቷል።

ወደ 8 ሰዓት ገደማ እኔና የእኅቴ ልጅ በሁለት በኩል ይዘን አነሣነው። ከዳሽቦርዷ የተለየች መኪና የበዓል በግ ትመስላለች፤ ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፎ፣ በዙሪያዋ የቆመው ሁሉ አንድ ቢላ ብቻ እያለ አሥር መመሪያ ይሰጣል። ከውስጧ የተገኘው ቅርስ እንዲህ ተመዝግቧል፦ ሦስት ፍሬ የሽምብራ ቆሎ፣ አንድ የፀጉር ማስያዣ፣ አንድ ባለ 50 ሳንቲም። ዘበኛችን «አላልኩም?» አለ። ሳንቲሙ ግን በአቧራ ተጣብቆ ስለነበር ድምፅ ሊያሰማ እንደማይችል ተነግሮት ካሣ ይሆነው ዘንድ ሳንቲሙ ተሰጠው።

ከዚያ ያቺን ነጥብ ፈለግኋት፤ አውራ ጣቴ ስምንት ወር ያረፈባትን፣ ግን ከውስጥ በኩል። አገኘኋት። በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል አንድ የታጠፈ ወረቀት ተሸጉጧል። በፒንሳ ጎትቼ ዘረጋሁት። አራት ጊዜ የታጠፈ የግድግዳ ካሌንደር ቁራጭ ነው፤ ሚያዝያ 2004 ይላል።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ስሙንም መልኩንም የማላውቀው አንድ ሰው፣ እዚሁ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይህንኑ ሲጥ ሰምቷል። እሱም ጣቱን አሳርፎ ይሆናል። «ይሄ ነገር አይሠራም እንዴ?» የሚለው ሰው ከጎኑ ሳይኖር አይቀርም። በመጨረሻ እንደ እኔ ሁሉንም ፈቶ፣ ከግድግዳው ወር ቀዶ፣ በጥንቃቄ አጥፎ እዚህ ሸጉጦታል። ወረቀቱ በዓመታት ብዛት ተጨፍልቆ ሲሳሳ ሲጡ ተመለሰ። የሲጡ ምክንያት ይኸው ነበር።

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሼ። ሰውየው ይሙት ይኑር የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ባለቤቴ ወደ ላይ ወጥታ ከዘንድሮው ካሌንደር ያለፈውን ወር ቀዳ አመጣች። የሱን በውስጥ፣ የኛን በላይ አድርጌ አጠፍኩና ወደ ቦታው መለስኩት።

ምዕራፍ አምስት፦ ስለ መግጠም

ፍታት ላይ ሰው ይበዛል፤ መግጠም ላይ ግን ማንም የለም። ከ10 ሰዓት በኋላ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ። የእኅቴ ልጅ ኳስ ነበረበት። ስጨርስ አራት ብሎን በእጄ ቀረ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሆነው «ስንት?» አሉኝ። «አራት» አልኳቸው። «ትርፍ ነው» አሉ። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ትርፍን በበጎ ያዩታል።

ምዕራፍ ስድስትና ሰባት በመምሸቱ ምክንያት አልተጻፉም።

በመጨረሻ የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሼ አሰርኩና ቁልፉን አዞርኩ። መብራቶቹ በሩ፤ የኤርባጉ ምልክትም በርቶ ጠፋ። የቪትሴ ሰዓት ላለፉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልታ፣ እሷም 20 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታ፣ እኔ ስድስት እየቀነስኩ ሃያ እየደመርኩ የኖርኩባት ናት። ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስላት ከ1:00 ነው የምትጀምረው። ቀና ስል 1:00 ትላለች። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ከምሽቱ ልክ 1 ሰዓት ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮብልስቶኑ ላይ ሲጥ አልተሰማም። ሐሙስ ዕለት በቀኝ በኩል ጥርርር ጀምሯል፤ አራቱ ብሎኖች ከየት እንደጎደሉ አሁን ይታወቃል። ባለቤቴ እስካሁን አልሰማችውም። እኔም «ስሚማ» አላልኳትም።

ሰዓቷን አልነካኋትም። እስከ ዛሬ ልክ ናት።