ሞተሯ አልተነካም

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ እንደ ጸሎት የሚደገም አንድ ቃል አለ፦ «ሞተሯ አልተነካም።» ደላላው ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት እንበል። ከፋብሪካ ከወጣች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ፍሪሲዮኗ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያስታውስ የለም፤ ቀለሟ ከነጭ ወደ ብርማ፣ ከብርማ ወደ ነጭ ተመላልሷል። ሞተሯን ግን የሰው እጅ አልነካውም። እኛ እንኳ በዚህ ዕድሜ ቢያንስ አንድ ጥርስ አስነቅለናል።

ይህን እምነት ከልቤ አደንቃለሁ። ያረጀ ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር ብሎ የሚጨነቅ ሌላው የዓለም ሰው መጀመሪያ የሞተሩን ሁኔታ ያያል አሉ። ምስኪን! እኛ የምናየው ገዢውን ነው። ሞተሩ ምን ሆነ ከማለታችን በፊት፣ ነገ የሚመጣው ገዢ ምን ይለን ይሆን እንላለን።

የጎረቤቴን ዲኤክስ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት ሲያስነሳት ግቢያችን ሰማያዊ ጭስ ይለብስ ጀመር። ባለቤቴ ልብስ የምታሰጣበትን ሰዓት ቀየረች። ጭሱ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ መኪናዋ ሰላም ናት። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የቫልቭ ጎሚኒ ይጠረጥራል፤ ሌሊት በቫልቩ ዘንግ ተንጠባጥቦ የወረደው ዘይት ነው ጠዋት የሚነደው። የእንጦጦን ዳገት ነዳጅ ረግጣ ስትወጣ ብትጨስ ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ፒስተኑ ፋሻ ይሄድ ነበር። እርግጡን ለማወቅ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን መለካት ነው። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካላለ ቫልቩ። ሁለት ቡና እስኪጠጣ ድረስ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ግን የእምነት ጉድለት ነው። ጎረቤቴ መኪናዋን ወስዶ ያሳየው ሜካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሯ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቆየ። ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ መውረድ አለባት። ያለዚያ የዱባይ ሞተር እናስገባላት።»

ጎረቤቴ የሰው መርዶ የተነገረው ያህል ኮፈኑ ላይ ተደገፈ።

ነገሩ ቀላል አይደለማ! ሞተር ሲወርድ ቴስታታው ይነሳል፤ ክብ የነበረው ሲሊንደር ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በዚያው ልክ ወፈር ያለ ፒስተን ከነፋሻው ይገባል። ኮሎው ይላጫል፤ ብሮንዚኑ፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል። (ጣሊያንን በ1933 ዓ.ም. ከአገር አስወጣነው እንጂ ከኮፈን ሥር ማስወጣት አልቻልንም።) በደንብ ከተሠራ ሞተሩ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ግን ተነክቷል! ጎረቤቴ ይህን ኃጢአት እንዴት ይሸከም?

የዱባዩስ ሞተር? እሱ ደግሞ ጃፓን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣው ምርመራ ባለቤቱን ስላስመረረው የተሸኘ፣ ከሻንሲው ተለይቶ በዱባይ በኩል ባሕር ያቋረጠ ስደተኛ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደን አየነው። ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ በቤንዚን ታጥቦ ያበራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሰውነቱ ጋር ጃፓን ቀርቷል።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» አልኩት ሻጩን።

«አልተነካም።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ወንድሜ፣ አልተነካም አልኩህ እኮ!»

መልሱ ለሁሉም ጥያቄ በቂ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጎረቤቴ ግን ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር መጻፉ ትዝ አለው። ቁጥሩ ከተቀየረ ገዢ ያያል፤ ያየ ይጠይቃል። ስለዚህ መጠገንም መቀየርም ቀረና ሦስተኛውን የአገራችንን ዘዴ መረጠ፦ ወፍራም ዘይት ሞላባትና «ይሸጣል» አለ።

ጊዜውም አግዞታል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካለ ወዲህ አሮጌ ኮሮላ የቤተሰብ ቅርስ ሆናለች። ገዢው ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ጎረቤቴ መኪናዋን ሰፈሩን አዞራት፤ የጠዋቱን ጭስ እኛ በላነው፤ ገዢው ሲደርስ ሞቃ፣ ታጥባ፣ እንደ ሙሽራ ቆማለች። ገዢውም ሞኝ አይደለም። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ በጣቶቹ አሸው፤ የዘይቱን ክዳን ገልብጦ አፉ ላይ አስቀመጠና ሞተሩ እየሠራ ይዘላል አይዘልም ብሎ አየ። አልዘለለም። መቼም ፋሻው ደህና ነበር።

እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የራሴን ያስወረድኩ ጅል ነኝ። የቶርኖ ቤቱ ደረሰኝ፣ የፒስተኑ ደረሰኝ፣ የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን የተጻፈበት ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ዳሽቦርዴ ውስጥ አለ። ያንኑ ሰሞን እኔም ልሸጣት ብዬ ለአንድ ደላላ በኩራት አሳየሁት። ግራ ቀኙን አየና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

«ይህን ለሌላ ሰው አሳይተሃል?»

«አላሳየሁም።»

«ተመስገን!»

የጎረቤቴ በሁለት ቀን ተሸጠች፤ የእኔ ይኸው እስከ ዛሬ ግቢ ውስጥ አለች። በሳምንቱ አዲሱ ባለቤት በጠዋት በራችንን አንኳኳ። ጭሱ ጀምሮታል። ጎረቤቴ ቤት አልነበረምና እኔን ጥሩ ሜካኒክ ጠየቀኝ። ስለ ጎሚኒው ነገርኩት፤ ትንሽ ሥራ እንደሆነ፣ ሞተሩ መውረድ እንደማያስፈልገው፣ ቴስታታው እንኳ ሳይነሳ ሊሠራ እንደሚችል አስረዳሁት። አመሰገነኝና የሜካኒኬን ስልክ መዝግቦ እዚያው ደወለ።

«ሄሎ ማስተር፣ አንዲት ዲኤክስ ነበረችኝ። ጠዋት ጠዋት ትጨሳለች። አይ፣ አይ፣ እንድትፈታት አይደለም። ዝም ብለህ እያት። እንዳትነካት ብቻ፣ አደራ።»