ሲላላ ያንኳኳል፣ ሲጠብቅ ያንገዳግዳል

የሞተር ሳይክል መሪ የሚዞረው በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ከሻንሲው ግንባር ላይ የመሪ አንገት የሚባል አጭር ቱቦ አለ፤ አንዱ ኩሽኔታ ከአናቱ፣ ሌላው ከሥሩ ይቀመጣል። በመካከላቸው የሚያልፈው ዘንግ ሹካውንና የፊት ጎማውን ይዞ ይዞራል። ባለንብረቱ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል፣ መስታወቱን ይወለውላል፣ ታንከሩ ላይ ጥቅስ ይለጥፋል፤ እነዚህ ሁለቱ መኖራቸውን የሚያውቀው ግን ማንኳኳት ሲጀምሩ ነው።

ዛሬ ብዙዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ይጠቀማሉ። በቆዩትና በብዙዎቹ ትንንሾች ውስጥ ግን ያሉት በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ እንክብሎች ናቸው። ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያዋለው ሲቢ 750 ላይኛው ቀለበት ውስጥ 18፣ ታችኛው ውስጥ 19 እንክብሎች አሉት። ድምራቸው 37 ነው፤ ዘንጉ ሲወርድ ከወለል የሚለቀሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ 36 ናቸው።

የዚህ ኩሽኔታ መከራ እንዲዞር ተሠርቶ ብዙም አለመዞሩ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል፤ የመሪው ግን ጉዞው ቀጥ ያለ እስከሆነ ድረስ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ የመንገዱ ዱላ ሁሉ የሚያርፈው በዚያው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ስዊድናዊው መሐንዲስ ዮሐን አውጉስት ብሪኔል በ1900 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ጠንካራ ኳስ ብረት ላይ ተጭኖ የሚተወውን ጎድጓዳ ምልክት ይለካል። ጉድጓዳም መንገድና የተነቃቀለ ኮብልስቶን ይህንኑ ሙከራ በየቀኑ በነፃ ይደግሙታል፤ ውጤቱም በቀለበቱ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። በግፊት የሚረጭ የእጥበት ውሃ ግራሶውን ጠርጎ ሲያወጣው ደግሞ ሥራው ይፋጠናል።

ኩሽኔታው ሲላላ፣ የፊት ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከመሪው ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፍጥነት ሲቀንስም መሪው ይንቀጠቀጣል። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ቀጥ ማለት ያቅተዋል፤ ነጂው ወዲህና ወዲያ ሲያርመው የሚያየው መንገደኛ የጠላ ቤቱን አቅጣጫ ይገምታል። በሁለቱም ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው፤ ቀጥሎ መንገዱ፣ በመጨረሻም ከኋላ የተፈናጠጠው ሰው።

ለምርመራ የፊት ጎማው ከመሬት መነሳት አለበት። ሞተሩ በመሃል መቆሚያው ይቆምና ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል። ከዚያ የሹካው ሁለት እግሮች ከታች ተይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይገፋሉ፣ ይሳባሉ። ሌላ ሰው አንገቱና የሹካው ማሰሪያ የሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ጣቱን ያስቀምጣል። ሌላ ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ ሞተር የተፈታበት ቦታ አማካሪ ጠፍቶበት አያውቅም። ጣቱ ሥር እንቅስቃሴ ከተሰማ ጥፋቱ የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ ካልተሰማ የሹካው ውስጥ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ይፈተሻል።

ቀጥሎ መሪው ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ይዞራል። መሃል ላይ ሲደርስ ወንበር እንዳገኘ ሽማግሌ ቁጭ ካለ ቀለበቱ ጎድጉዷል ማለት ነው። ጤነኛው ከመሃል ትንሽ ነካ ሲደረግ በራሱ ክብደት ወደ ጎን ይወድቃል፤ ካልወደቀ ጠብቋል፣ ወይም ገመዶቹ ይዘውታል።

ለማስተካከል የአናቱ ትልቅ ዳዶና ሹካውን ከላይ የጨበጡት ብሎኖች ይላላሉ። ከሥራቸው ዙሪያውን የተቆረጠ ክብ ዳዶ አለ፤ የሚዞረው መንጠቆ ባለው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ ካቻቢቴና መዶሻ ይተኩታል፤ ከዳዶው ጠርዝ ላይ ስንት እጅ እንዳለፈበት ማንበብ ይቻላል። ዳዶው በመጀመሪያ ጠበቅ ይደረጋል፤ መሪው ደጋግሞ ከዳር እስከ ዳር ይዞርና ኩሽኔታው ይደላደላል። ከዚያ ይላላል፤ እንቅስቃሴው እስኪጠፋ ብቻ እንደገና በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃል። የአናቱ ዳዶ በመመሪያ መጽሐፉ ልክ ሲጠብቅ የታችኛውን መጠን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ለማንኛውም» ተብላ የምትጨመረው የመጨረሻዋ ጭማቂ የሚያንኳኳውን ሞተር የሚንገዳገድ ታደርገዋለች።

የጎደጎደ ቀለበት በማጥበቅ አይድንም፤ ድምፁ ብቻ ይጠፋል። ሊሸጥ ለቀረበ ሞተር ይህ ዝምታ በቂ ስለሆነ፣ ገዢ ከቀለሙ በፊት መሪውን ቢያዞር ይጠቀማል። መድኃኒቱ እንክብሎቹንና ቀለበቶቹን በሙሉ መቀየር ነው፤ አዲስ እንክብል በአሮጌ ቀለበት ላይ ቀድሞ የተቆፈረለትን ጉድጓድ ይወርሳል። አሮጌው ቀለበት ከተቃራኒው ጫፍ በሚገባ ብረት ዙሪያውን እየተመታ ይወጣል፤ አዲሱ ሳያዘነብል ይገባል። እንክብሎቹን ዘንጉ እስኪገባ በቦታቸው የሚይዛቸው ወፍራም ግራሶ ነው። አዲስ ቀለበት በአገልግሎት ስለሚደላደል፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ልክነቱ አንድ ጊዜ እንደገና ይታያል።