ከሥዕሉ ሥር

ሐይቅ ከተማ ስደርስ ዝናቡ ከአምባሰል በኩል ወርዶ አስፋልቱን ጎርፍ አድርጎት ነበር። ወደ ገዳሙ የተሳፈርኩባት ባጃጅ በር ስላልነበራት በነጠላዬ ጠቅልዬ የታቀፍኩት የብራና ቅጠል ከእኔ እኩል በሰበሰ።

ቅጠሉን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ነው። «የጥንት ነው» አለኝ፤ አመንኩት። በላዩ የተሣለው ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረሱ ላይ ሆኖ በሁለት ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያያል። ከሥሩ የወደቀው ዑልያኖስ ግን ከሐዲ ነውና በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ አለው።

ሐይቅ ድረስ ያመጣኝ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። አባ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚህ ካስተማሩ ወዲህ ቦታው የመጻሕፍት አገር ሆኗል። 1273 ዓ.ም. የሚል ዓመት የያዘውን ያን ባለ ሥዕል ወንጌል በፎቶግራፍ አይቼው ልቤን ወስዶት ነበር። የእሳቸው ምስልም፣ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም በውስጡ አለ። ደግሞ አምባሰል ውስጥ፣ ግሸን ላይ ያለችው መጽሐፈ ጤፉት ስሟን ያገኘችው ፊደሏ እንደ ጤፍ በመድቀቁ ነው። የእኔ ቅጠል ዘመዶቹ እዚህ ያሉ መስሎኝ ነበር።

ሴት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ስለማትገባ ከበሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆምኩ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ወጡ። መስቀል ተሳልሜ ጥቅሉን ስፈታው ክው አልኩ። ጥቁሩ ፈረስ ነጠላዬ ላይ ፈሷል፤ በፈረሱ ቦታ ፊደል ብቅ ብሏል።

«ይኼማ ዳዊት ነው!» አሉ።

«እንዴት አወቁ አባቴ?»

«መስመሩን እይው ልጄ፤ አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር። ዳዊት ሲጻፍ አንድ ስንኝ በአንድ መስመር ነው። ካልበቃው ትርፉ ጫፉ ላይ በትንንሹ ይገባል።»

ብራናውን ሳይነኩ አነበቡት። ቅጠሉ ሲያልቅም አላቆሙም፤ ዓይናቸውን ወደ ውኃው መልሰው የሚቀጥለውን በቃላቸው ዘለቁት።

የትናንቱ ቀለም በአንድ ዝናብ ሲታጠብ ከጥላሸት የተቀመመው የፊደሉ ጥቁር ቀለም ንቅንቅ አላለም። ቀዩ ግን ደምቷል። በቀይ የሚጻፈው ደግሞ ስም ነው። «ወለተ» የሚለው ይነበባል፤ የማን ልጅ እንደነበረች የሚናገረው ቃል ቀልጦ ሄዷል። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ፣ ስሟ የተጻፈባት ዳዊቷ ለገበያ ተገነጣጠለ፤ ስሟን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። በዝናብ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ።

«እሳት እንዳታስጠጊው፣ ይኮማተራል» አሉኝና ሁለት ሳንቃ አምጥተው ቅጠሉን በመሐል አድርገው በገመድ አሰሩት። እዚሁ ይቀመጥ ብዬ ለመንኳቸው። አልተቀበሉኝም።

«የቀረውስ የት አለ?»

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተነሣሁ፤ ሻጩን ልጠይቀው።