ነገረ እንግዳ ዘሰንበት

የአገራችን ሊቃውንት የነገሥታቱን ዘመቻ፣ የነጋዴዎቹን ሲራራና የመነኮሳቱን ስደት በብራና ሲመዘግቡ ኖረው ሳለ፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ የስልክ ቻርጀርና ፈጽሞ የማይገለጥ አንድ ደብተር በቦርሳው ከትቶ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስለሚወርደው ተማሪ ግን አንዲት ቅጠል እንኳ ጽፈው አለማለፋቸው የሚያስቈጭ ነው። ይህ ሐተታ ጉድለቱን በመጠኑ ለመሙላት የተሰናዳ ሲሆን፣ ጸሐፊው ነገሩን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን በእንግድነትም በአስተናጋጅነትም ካሳለፋቸው ሌሊቶች መሆኑን አስቀድሞ ያስታውቃል።

በቅድሚያ የጉዞው ሕጋዊ መሠረት ይመርመር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1450 ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ዘንድ ያስወሰኑት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ደብረ ብርሃንንም የቈረቈሩት እኒሁ ንጉሥ ናቸው። እንግዲህ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የሁለት ቀን ዕረፍት የሚወጣ ተማሪ፣ የሚያርፍበትን ቀንም የሚሸሸውንም ከተማ ያገኘው ከአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ንጉሡ የዘመኑ ቤተ መንግሥት በድንኳን ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ሳለ ደብረ ብርሃንን ወደው ለዓመታት ሲቀመጡባት፣ ተማሪው ግን አንዲት ቅዳሜ እንኳ መርጋት አለመቻሉ ነው። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚነፍሰውን የሌሊት ነፋስ የቀመሰ ሰው ግን አይፈርድበትም።

የሰንበት እንግዳ በዓላማው ሲከፈል ሦስት ወገን ነው። አንደኛው ባለጉዳይ ነው፤ አንድ ሰነድ ላስመሰክር ብሎ ይመጣል፤ መሥሪያ ቤቱ እሑድ ዝግ መሆኑን በሰማ ቍጥርም እንደ አዲስ ይደነግጣል። ሁለተኛው ናፋቂ ነው፤ የመጣው ለወዳጁ ብቻ ስለ ሆነ ሐተታ አያስፈልገውም፤ ደግሞም ብርቅ ነው። ሦስተኛው ሰበበኛ ነው፤ ወዳጄን ልጠይቅ ብሎ መጥቶ ሳለ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የት እንደ ዋለ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በወዳጁ ሸሚዝና በወዳጁ ሽቶ መውጣቱ ብቻ ነው። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሸሚዙ የእኔ ነበርና።

የመንገዱ ነገር አጭር ነው። 130 ኪሎ ሜትሩ በቅጥቅጥም በሚኒባስም ይጨረሳል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» እያለ የሚያስጠብቀው ጊዜ ካልተቈጠረ ፈጣን ነው ሊባልም ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ሥፍራ ሸኖ ነው። አስተዋይ እንግዳ ከኪሱ ያለችውን አራግፎም ቢሆን ከሸኖ ጥቂት ለጋ ቅቤ ሳይዝ አያልፍም። ቅቤው ለወዳጁ አይደለም፤ ወዳጁ ላጤ ነው፤ ቅቤ ቢያገኝ ጠጕሩን ይቀባው ወይም ወጥ ይሥራበት የሚያውቀው የለም። ቅቤው ለአከራይቱ ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት የወዳጁን አኗኗር ማወቅ ያሻል። ትምህርቱን ቀድሞ የጨረሰው ይህ ወዳጅ ኮተቤ ውስጥ ከአንድ ግቢ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ኪራዩን ሲዋዋል «ብቻህን ነህ?» ተብሎ ተጠይቆ፣ ምንም ሳያመነታ «ብቻዬን ነኝ» ብሎአል፤ ቃሉም እስከ መጀመሪያው ዓርብ ድረስ እውነት ነበር። እንግዳው የግቢውን በር አልፎ ሲገባ አከራይቱ አይከለክሉም፤ አይቈጡም፤ ማን ነው ብለውም አይጠይቁም። ይስላሉ።

ይህ ሳል ንባቡ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ብዙ ነው። አንድም፦ አየሁ ሲሉ ነው፤ እንግዳው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ውሻውንም በዳቦ አባብሎ ቢያልፍ ከእርሳቸው ዐይን አይሰወርምና። አንድም፦ ቈጠርሁ ሲሉ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉ ለስንት ሰው ፊት እንደሚበቃ ያውቃሉና። አንድም፦ የዛሬ ወር የመጣውም ይኸው ነው፣ «የአጎቴ ልጅ ነው፣ ለአንድ ሌሊት ነው» ተብሎልኝ ነበር ሲሉ ነው። አንድም፦ በእውነት ጉንፋን ይዟቸው ነው፤ ይህኛውን ትርጓሜ ግን እስከ ዛሬ የተቀበለ ተከራይ አልተገኘም። ቅቤው የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። «እማማ፣ ከሸኖ ነው፣ ለጋ ነው» ሲባል ሳሉ ወዲያው ይታገሣል፤ «ምነው ልጄ፣ ተማሪ ሆነህ ምን አስቸገረህ፣ እደግ» ይላሉ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይቈለፍ የነበረው የግቢ በርም በዚያ ሌሊት እስከ ሦስት ተኩል ይታገሣል።

እራቱን በሚመለከት፣ ዓርብ ማታ የሚደርሰውን እንግዳ ላጤ ሁሉ ከልቡ ይወደዋል። ጾም ነዋ! ሽሮ ብቻ ማቅረብ በሌላ ቀን ችግር ነው፤ ዓርብ ግን ሥርዓት ነው፤ አስተናጋጁም «ጾም ባይሆን ኖሮ» እያለ የጥብስ ዓይነት በቃሉ ሲዘረዝር ያመሻል። ቅዳሜ ምሳ ላይ ይህ መጠጊያ ይፈርስና እንጀራ በፓስታ ይቀርባል። እንግዳው በበኩሉ ሳምንቱን ሙሉ ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ቍርስ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ዳቦ ከቦርሳው ያወጣል፤ ዳቦው ደርቆ ሲጣል ድምፅ ቢያወጣም፣ ሻይ ውስጥ ከገባ በኋላ ከኮተቤ ዳቦ አይለይም፤ አስተናጋጁም ያን ካፌ ሲያማ የኖረውን ያህል አሁን በናፍቆት ዐይኑን ጨፍኖ ይበላዋል።

እነሆ ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አልጋው ደረስን። አልጋ በነጋዴዎቹ ዘንድ የሚጠራው በስፋቱ ነው፤ ሜትር ከሃምሳ አለ፣ ሜትር ከሃያ አለ፣ ዘጠናም አለ። ሜትር ከሃምሳ የባለትዳር ነው። ሜትር ከሃያ ትዳርን በልቡ ያሰበ ሰው የሚገዛው ነው። ዘጠና ግን የላጤ ሲሆን፣ ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በዚህ ስፋት ላይ ደግሞ አንዱ በጀርባው ልተኛ ቢል ሌላው በጐኑ መሆን ግድ ይለዋል፤ ሁለቱም በጀርባቸው ሊተኙ የሚችሉት ገና ልጆች ሳሉ ነበር፤ ያን ጊዜም ተኝተዋል።

ሆኖም ሁለቱ ወዳጆች አልጋው ላይ የሚወጡት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ አስቀድሞ ክርክር ይደረጋል። እንግዳው «እኔ ወለል ላይ እተኛለሁ» ይላል። አስተናጋጁ «እንግዳ ወለል ላይ? አላደርገውም፣ እኔ ነኝ ወለል ላይ የምተኛው» ይላል። ይህ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ከሦስት ያነሰ ቅሬታን፣ ከሦስት የበለጠም አደጋን ያመጣል። አደጋው ምንድን ነው ቢሉ፣ ወለሉ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን እንጂ ሁለተኛ ፍራሽ የለም፤ እንግዳውም ይህን ያውቃል፤ አስተናጋጁም እንግዳው እንደሚያውቅ ያውቃል፤ አራተኛ ጊዜ ቢነገር ግን አንዱ እውነት መስሎት ካርቶኑን ሊዘረጋው ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ላይ ሁለቱም «በቃ፣ አብረን እንተኛ» ይላሉ፤ ዓርብ ማታ ሲጨባበጡም ይህንኑ ያውቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ የአተኛኘት ጥያቄ ይነሣል፤ በዚህም ላይ ሁለት ጉባኤ ቤት አለ። የመጀመሪያው ቤት ሁለቱም ራሳቸውን ወደ ራስጌ አድርገው ይተኙ ይላል፤ ጥቅሙ ጨዋታው ነው፤ ጉዳቱ የትከሻ መጣበብ ነው። ሁለተኛው ቤት አንዱ ወደ ራስጌ ሌላው ወደ ግርጌ ይሁን ይላል፤ በዚህ ትከሻ ይሰፋል፤ ነገር ግን የካልሲ ነገር ይመጣል። ዓርብ ጠዋት ክፍል የገባ፣ ከሰዓት በኋላ በቅጥቅጥ የተጓዘ፣ ማታም ታክሲ ጠፍቶ ከላምበረት መናኸሪያ ድረስ የተራመደ እግር፣ ምንም ቢታጠብ፣ ከአፍንጫ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሲቀመጥ ታሪኩን ሳይናገር አያድርም። ከዚህም የከፋው፣ ግርጌና ራስጌ ሆነው የሚያወጉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ስለሚገባቸው፣ ወሬው ሲሞቅ ከዋናው ቤት ሳሉ እንደ ገና ይሰማል። እኔ ለራሴ የመጀመሪያው ቤት ተማሪ ነኝ፤ የሁለተኛውን ቤት ሰዎች ግን አልነቅፍም፤ ወፍራሞች ናቸው።

የግድግዳና የጫፍ ጥያቄም አለ። ክብር ለእንግዳ ስለ ሆነ ግድግዳው በኩል ያለው ሥፍራ ለእንግዳው ይሰጣል፤ ይህ ክብር ማለት ግን ጀርባ በብሎኬት ሲቀዘቅዝ ማደር፣ ሌሊት ወደ ውጭ መውጣት ሲያስፈልግም ባለቤቱን በሁለት እጅና በሁለት እግር ተሻግሮ መውረድ ነው። ባለቤቱ ጫፍ ላይ ሆኖ አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ ያድራል። ብርድ ልብሱ አንድ ነው። ተማሪው የሚኖረው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ነውና፣ ቍሩም አስተማሪው ነውና፣ በእንቅልፉ ልብ ብርድ ልብስ ስቦ ከራሱ ላይ በመጠምጠም ከአዲስ አበባ ሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ የአዲስ አበባው ሰው በጋቢ ጫፍ ተሸፍኖ ጣሪያውን ሲያይ ይገኛል። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ይባባላሉ። «ኧረ ድንጋይ ሆኜ ነው ያደርኩት» ይላል አንዱ። «እኔም» ይላል ሌላው።

ውሸታቸውን ነው፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያወሩ ነበር። ማን ዐረብ አገር እንደ ሄደች፣ ማን እንዳገባ፣ የሒሳብ መምህራቸው ጡረታ ወጡ መባሉ እውነት እንደ ሆነ፣ ያ የመንደሩ ኳስ ሜዳ ሕንፃ ተሠርቶበት እንደ ሆነ አንድ በአንድ ተጠያይቀዋል። አስተናጋጁ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ «ይበቃኛል» ብሎ ወሬ አዙሯል፤ ለሰንበቱ ወጪ ከሥራ ባልደረባው መበደሩን እንግዳው የሚሰማው ከዓመታት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከተማ ይታያል። ዕቅዱ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ፣ በ1967 ዓ.ም ኅዳር ወር ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን መሳለም ነው፤ ዕቅዱም በየጉዞው ይያዛል። ሲነሡ ግን ረፍዷል፤ ቡና ተፈልቶ አከራይቱ ጠርተዋቸዋል፤ ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው፤ ከዚያም ኳስ አለ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቈየች ሴት አንድ ቅዳሜ ብትጨምር አይከፋትም ተብሎ ይታለፋል።

ከዚህ ቀጥሎ የእሑድን ቅዳሴና በመሐሉ የሚመጣውን እንቅልፍ፣ ከዚያም «ምሳ ሳትበላማ አትሄድም» የሚለውን አንቀጽ በዝርዝር ለማተት ነበር ዐሳቡ፤ ላምበረት መናኸሪያ ያለው መኪና ግን ሞልቷል፤ ክፍል መክፈሉም ይብቃ። እንግዳው መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፤ አስተናጋጁ ከታች ቆሟል፤ ሁለቱም የሚመጣውን ያውቃሉ። «ይኽን ለትራንስፖርት» ይላል አንዱ፤ የሁለት መቶ ብር ኖት በመስኮት ይገባል። «ኧረ አለኝ! ተው እንጂ!» ይላል ሌላው፤ ኖቱ በመስኮት ይወጣል። «በሞቴ!» ይገባል። «በእናትህ!» ይወጣል። አራተኛ ጊዜ ሲገባ ረዳቱ ከአየር ላይ ቀለበው፤ ሒሳቡን ቈርጦ መልሱን ለተማሪው አስጨበጠው። ተማሪው መልሱን ሊወረውር ከመስኮቱ ብቅ ቢል፣ አስተናጋጁ ነገሩን ዐውቆት ኖሮ የመናኸሪያውን በር በሩጫ አልፎ ነበር።