ቤንዚን የላምባ ወንድም ነው ላለኝ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አንዲት እናት ለኩራዛቸው ላምባ ሊገዙ ጠርሙስ ዘረጉ። ቸርቻሪው ሲቀዳላቸው የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«ቀላቅለኸዋል!»

«ጥቂት ናት ጋሼ። ቤንዚንና ላምባ እኮ ወንድማማች ናቸው።»

«ቃየንና አቤልም ነበሩ!»

እናታቸውማ አንድ ናት፤ ድፍድፍ ነዳጅ። ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው። ቤንዚን ግን ከ4 እስከ 12 ካርቦን የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ላምባ በአብዛኛው ከ9 እስከ 16። ከሰንሰለቶቹ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው ቅርንጫፍ አለው፤ ቀለበት የሠራም አለ። ጣሪያውን በጥቀርሻ የሚያጠቁረው በተለይ ካርቦን የበዛበት ቀለበት ነው።

«ታዲያ ሁለቱም ይነድዱ የለ?»

«የሚነድደው ፈሳሹ መስሎሃል? ትነቱ ነው! ደረጃውን የጠበቀ ላምባ ከ38 ዲግሪ በታች እሳት የሚይዝ ትነት አያወጣም። ፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ ናት፤ ስለዚህ እሳቱ ከክሩ ጫፍ አይወርድም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይተንናል፤ ኩራዙ ሆድ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ክብሪት ይጠብቃል። ላምባ ክር ያነድዳል፤ ቤንዚን ቤት!»

«ሽታው ትንሽ ቢነፍስበት ይጠፋል።»

«እየተነነ እኮ ነው የሚጠፋው!»

ቡሬ ላይም አንዱ በዘይት ጀሪካን ላምባ ይዞ «ያው ቅባት ነው» ብሎኛል። ያው አይደለም ወንድሜ! የኑግ ዘይት ኦክስጅን አለበት፤ ሆድ ይፈጨዋል። ላምባን ግን ሕፃን ዘይት ወይም ውኃ መስሎት ቢጠጣው ወደ ሳንባው ይሾልካል። እንዲያስታውከው አታስገድዱት፤ ሲወጣም ዳግመኛ ሳንባ ይገባል። ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ቸርቻሪው አልተረታም። «ይህን ሁሉ ካወቅክ ኬሮሲን ማለት ምንድን ነው?»

«ሰም! በ1854 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ካናዳዊው አብርሃም ጌስነር ስሙን ያወጣለት ከግሪኩ ኬሮስ ነው፤ ሰም ማለት ነው።»

«ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ የታለ?»

ይህን ጊዜ እናትየዋ ቀደሙኝ።

«ወርቁማ ማታ ማታ ኩራዙ ሥር ቁጭ ብላ የምታጠናው ልጄ ናት። በል ገልብጠው!»

ጠርሙሱን ባዶውን ተቀብለው ሄዱ።