እትዬ፣ ለእማዬ ስታነቢ ይህን ዝለዪው

ቫሌንሲያ፣ ኅዳር

ለተወደድሽው እትዬ፣

  

«ይሄን ያህል ጊዜ ስፔን ተቀምጦ ዳቦ በጥቅሻ ነው አሉ የሚገዛው» ብለሽ የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። ከበስተኋላ የማሙሽንም ሳቅ ሰምቻለሁ። ሳቁን መዝግቤ ይዣለሁ፤ ጫማ የጠየቀኝ ዕለት ይወራረዳል። አንቺም ብትሆኚ አሶሳ ለስብሰባ ሄደሽ «በርታኛ ቻልኩ» ያልሽ ጊዜ ማንጎ ሻጯን ምን እንዳልሻት ካማሺ ገና አልረሳም።

ዳቦ በአፌ ነው የምገዛው። ችግሩ ከዳቦ ሻጯ ሌላ የሚያናግረኝ አለመኖሩ ነው። ብርቱካን የምናሽግበት መጋዘን ውስጥ በግራዬ ሮማኒያዊ፣ በቀኜ ፓኪስታናዊ፣ ፊት ለፊቴ የሞሮኮ ሰው ቆመዋል፤ አራታችንን አንድ የሚያደርገን ስፓኒሽ «ሳጥን» እና «ፍጠን» ብቻ ነው። ከተማው ደግሞ እንደኛው አንድ ቋንቋ አይበቃውም። እኛ ገበያውን በኦሮምኛ፣ ወንዙን በጉሙዝኛ፣ ቢሮውን በአማርኛ እንደምንለው፣ እነሱም የመንገዱን ስም በቫሌንሲያኛ ጽፈው በስፓኒሽ ይጨቃጨቁበታል።

ጉሙዝኛን ማን አስተማረን? ማንም። ከልጆቹ ጋር ስንዋኝ፣ ስንጣላ፣ ስንታረቅ አፋችን ላይ ተገኘ። እዚያ ሰው ስለነበረ ቋንቋው መጣ፤ እዚህ ግን ሰው ይመጣልኝ እንደሆነ ብዬ ቋንቋውን ብቻዬን እየተለማመድኩ ነው። አባዬ ይሄኔ «ፔድሮ ፓኤዝስ?» ይላሉ፤ አውቃለሁ። ማድሪድ አጠገብ ተወልዶ፣ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ፣ በ1603 (እ.ኤ.አ.) አገራችን ገብቶ፣ አማርኛውንም ግእዙንም አጥንቶ፣ በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ የሄደ ሰው ነው። ግን እኮ አባዬ፣ እሱ የሚያናግረው ንጉሥ ሱስንዮስን ነበር። እኔ የማናግረው ስልኬን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የስልኳ ሴትዮ ትናገራለች፤ እኔ ሳልጠብቃት ግማሽ ትንፋሽ ወደ ኋላ ቀርቼ ቃሉንም ዜማውንም እደግማለሁ፤ ከቄሱ ሥር ሥር እንደሚል ምእመን። ድምፁ አያስቸግርም። አናባቢያቸው አምስት ብቻ ነው። «ኘ»ን ራሳቸው አላቸው፤ «ረ»ንም እንደኛው ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። የሚያስቸግረው መልስ የሚሰጥ መታጣቱ ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ያናገረችኝ የሱፐርማርኬቱ ሒሳብ መክፈያ ማሽን ብቻ ትሆናለች። «ግራሲያስ» ስትለኝ «እግዜር ይስጥልኝ» እላታለሁ። ሌሊት ደግሞ ትምህርቱን አቋርጬ ለራሴ በአማርኛ «እንዴት ዋልክ?» የምልበት ጊዜ አለ፤ ድምፄ የአባዬን ይመስላል። ከዚያ አባዬን ስለምፈራ ተነሥቼ አጠናለሁ።

የስፓኒሼን መሠረት የጣሉልኝ እሳቸው መሆናቸውን ለጋሽ ኩባ ንገሪልኝ። ያው እንደሚሉት በደርግ ጊዜ ከነዚያ ሁሉ ሺህ ልጆች ጋር የወጣቶች ደሴት ገብተው፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ግማሽ ቀን የፍራፍሬ ማሳ ሲሉ የለመዱትን ነው ያወረሱኝ። ኩቦች ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። ጋሽ ኩባ ውጠዋታል፣ እኔንም አስውጠውኛል። ስለዚህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ከሃቫና ነህ?» እባላለሁ። «ከካማሺ» ስል የሃቫና ሰፈር ይመስላቸዋል።

እትዬ፣ እንግዲህ ለእማዬ ስታነቢ የምትዘልዪው እዚህ ላይ ነው። «ፓርክ ሄዶ አረፈ» እንዳትያት ብቻ፤ ወዲያ ትወስደዋለች።

ቱሪያ የሚባል ወንዝ ነበራቸው። በ1957 (እ.ኤ.አ.) ከተማውን ቢያጥለቀልቀው አዲስ መውረጃ ቆፍረው ከከተማ አስወጡት፤ ባዶውን የቀረውን ሸለቆ የሕዝብ መናፈሻ አደረጉት። (እኛ ዳቡስ ሲሞላ እስኪጎድል እንጠብቃለን።) ጮክ ብሎ ለመለማመድ ምቹ ስለሆነ አንድ አግዳሚ ወንበር ይዤ የዕለቱን ትምህርት ከፈትኩ። ርዕሱ «ሐኪም ዘንድ» ነው። ስሜት የሌለበት ስፓኒሽ ስፓኒሽ አይደለም ብለው የለም ጋሽ ኩባ? ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ሜ ዱዌሌ ኤል ፔቾ!» አልኩ፤ ደረቴን ያመኛል። ሴትዮዋ ደገመች፣ እኔም ድምፄን ጨምሬ ደገምኩ። «ኖ ፑዌዶ ሬስፒራር!» መተንፈስ አቃተኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ትንሽ ውሻ ያቀፉ አሮጊት አፍንጫዬ ሥር ቆመው 112 እየደወሉ ነው። «ልምምድ ነው» ልል ፈለግሁ፤ ያ ቃል ግን ገና ያልደረስኩበት ምዕራፍ ውስጥ ነው። «የት ላይ ነው የሚያምህ?» አሉኝ። እትዬ፣ ሙሉ ጥያቄ፣ በሙሉ ፍጥነት፣ ከእውነተኛ ሰው አፍ! ደግሞም ገባኝ! ከደስታዬ የተነሣ መልሱ አመለጠኝ፦ «ሜ ዱዌሌ ኤል ፔቾ፣ ሴኞራ።» ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም።

አምቡላንሱ መጣ። ሸሚዜን ከፍተው ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉብኝ። «ኩባዊ ነህ?» አለች ነርሷ። «ኢትዮጵያዊ።» ፊቷ በራ። በዚህ ከተማ ኢትዮጵያዊ ማለት ሯጭ ነው። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ግማሽ ማራቶኑን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው፣ ሲሳይ ለማም በ2023 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ያሸነፈው እዚሁ ነው። «ለታኅሣሡ ማራቶን ነው የመጣኸው?» አለችኝ፤ ሆዴን እያየች። ልቤ በድንጋጤ ይደልቃል። ማሽኑን አይተው «ይሄ የሯጭ ልብ ምት አይደለም» ተባባሉና ቃሬዛ አወረዱ።

ቃሬዛውን ሳይ የተማርኩት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። የቀረልኝ ከጋሽ ኩባ ግቢ በልጅነቴ የያዝኩት ብቻ ነበር። ከነሽቦዬ ብድግ ብዬ «ፓትሪያ ኦ ሙዌርቴ!» አልኩ፤ አገር ወይም ሞት። አሮጊቷ «ሞት» የምትለዋን ብቻ ሰምተው አማተቡ። ስነሣ የጆሮ ማዳመጫው ከስልኩ ተመዝዞ ኖሮ ሴትዮዋ ከመሬት ላይ ሆና በጠራ ድምፅ «አሁን አብረን እንድገመው፦ ሜ ዱዌሌ ኤል ፔቾ!» አለች። ሁሉም ወደ ስልኩ ዞረ። መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ሴኞራዋ አልሳቁም፤ ጣታቸውን ቀስረው ለረጅም ጊዜ ተቆጡኝ፣ ከቁጣውም ግማሹ ገባኝ።

በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ በየማምሻው ይጠብቁኛል። የዋጥኳትን «ስ» አንድ በአንድ እያስተፉኝ ነው። ለውሻቸው ሳይቀር በ«እርስዎ» ስለምናገር መንደሩን ሁሉ አስቀውብኛል፤ እኔ ግን ባለቤቱ እያሉ ውሻን አንተ ማለት አልተማርኩም።

አሁን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለእማዬ አንብቢላት።

እማዬ፣ ስለ ጤናዬ ሐሳብ አይግባሽ። እዚህ ሐኪሞች እኔ ያለሁበት ድረስ በመኪና መጥተው ሳንቲም ሳይቀበሉ ልቤን መርምረውልኛል፤ ደኅና ነው ብለዋል። በየደብዳቤው ስለምትጠይቂኝ ስለ ትዳሩም ነገር ቢሆን፣ በየማምሻው የሚጠብቁኝ አንድ ወይዘሮ አሉ። ዕድሜያቸውን እትዬ ትነግርሻለች።

ወንድማችሁ