ፊት የሚቀይር ዶክተር
እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው የእንግሊዞቹ ተከታታይ ድራማ «ዶክተር ሁ» መላ አያጣም፤ ዶክተሩ ሊሞት ሲል ፊቱን ቀይሮ ይነሳል። በሜይ 2025 ዶክተሩን ይጫወት የነበረው ንኩቲ ጋትዋ ድንገት ተዋናይቷን ቢሊ ፓይፐርን መስሎ ሲነሳ አድናቂዎቹ «ይሄማ አይታመንም!» ብለው ተነታረኩ። በዘመናት መካከል የምትበረው ሰማያዊ የፖሊስ ሳጥን ግን ትታመናለች።

ይህን ክርክር ሱዳን ውስጥ በካርቱም ካፉሪ ሰፈር ቡና ታፈላ ለነበረች ሐበሻ ይንገሯት! ቤተሰቡ እዚያው ሰፈር ግቢ የነበረው የቀድሞው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር 30 ዓመት በአንድ ፊት ተወነ። በ2019 ሲወርድ የመሪው ፊት ተቀየረ፤ የወታደር መለዮው ግን ያው ነው። በ2023 ደግሞ ሁለት ጄኔራሎች ለአንድ ሚና ተታኮሱ።

ስለዚህኛው ክፍል የካፉሪ ሰው አልተከራከረም፤ ጓዙን ሸክፎ ተሰደደ እንጂ። ድራማው ያለ ተመልካችም ይቀጥላል።